ገመዱ ክብደት የለውም እንበል

ባሕሩ ከጭጋጉ ገና ሳይገለጥ፣
የቫልፓራይሶ ደረጃ በጤዛ ሲያዳልጥ፣
ቁልፍ ይዤ እቆማለሁ ከብረቱ በር ፊት፤
ዙኒልዳ እባላለሁ፣ የአሳንሰር ሠራተኛ፣ ዕድሜዬ አምሳ አራት።
አንዱ ሣጥን ሲወጣ አንዱ እየወረደ፣
ኮረብታው በዚህ ኖረ፣ ሰዉም ተላመደ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሳንቲም ስቆጥር ከርሜ፣
ፊደል ልቁጠር አልኩኝ፣ ሽበቴን ተሸክሜ።
ቀን ቀን ሠራተኛ፣ ማታ ማታ ተማሪ፣
በሁለት ደሞዝ ሳይሆን በሁለት ድካም አዳሪ።

የመጀመሪያው ዕለት፣ የክፍሉን በር ስከፍተው፣
ላውታሮ የሚሉት፣ ጢም ገና የናፈቀው፣
«እሰይ! መጡልን» አለኝ፣ ሽቦ እያሳየ፣
«ፕሮጀክተሩ እምቢ ብሎን ስንት ሰዓት ቆየ!»
ጠጋኝ መስዬዋለሁ። አልፈረድኩበትም።
ኪሴ ውስጥ ፒንሳ አለ፤ ከኔ ተለይቶ አያውቅም።
የላላውን አጠበቅኩ፣ መብራቱ ቦግ አለ፤
ሦስተኛው ረድፍ ሄጄ ደብተሬን ስዘረጋ
የልጁ ጆሮ ቀልቶ ቲማቲም መሰለ።

ሌላም ሥራ አለብኝ፣ ማንም ያላዘዘኝ፣
እኩለ ሌሊት ላይ አንገቴን የሚይዘኝ፤
እንጨት እቀርጻለሁ፣ የመንገደኛ ፊት፣
ቀለም ቀብቼ የማትመው፤ ውጥኔ አሥራ ሁለት።
አለች ኤደልሚራ፣ የዓሣ ገበያዋ፣
ተረብ እንደ ቢላ የሚመዘዝ ከአፏ፤
አለ ጡረተኛው፣ መርከበኛ ነበር፣
ለውሻው ትኬት ቁረጪ እያለ የሚከራከር።
እንጨት ላይ ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው፣
ግራው ቀኝ ሆኖ፣ መጨረሻው ቀድሞ ነው፤
እኔንም እንደዚያ ቀርጾኝ ይሆን ሠሪው?
አሥራ አንደኛው ፊት ግን ዓይን የለውም ገና፤
ለዓይኑ የያዝኩትን ሌሊት ወሰደው ፈተና።

ኅዳር ላይ፣ መምህር ኦያርሱን ሰሌዳው ላይ ሣለ፤
ሁለት ሣጥን፣ መሐል ላይ ፑሊ፣
«ገመዱ ክብደት የለውም እንበል፣ ሰበቃም የለም» አለ።
ሣጥኖቹን አወቅኋቸው።
ግራው የኔ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ያቃስታል።
እጄን አወጣሁ።
«መምህር፣ የኔ ገመድ ክብደት አለው።
ክረምት ውኃ ይጠጣል፣ በበጋ ይለጠጣል፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ግራሶ እቀባዋለሁ፣
ትከሻዬ ያውቀዋል።»
ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።
ጠመኔውን አስቀምጦ ጣቶቹን አራገፈ።
«ልክ ነሽ» አለ። «ለፈተናው ግን እንበል።»

እንበል!
ስንቱን እንበል እያልን ኖረን የለም?
እንበል ኪራይ አይጨምርም፤ እንበል ጉልበት አያምም፤
እንበል ኤሊሴዮ፣ የላይኛው ጣቢያ ጓዴ፣
ፈረቃዬን ሲሸፍን ወገቡ አይጎብጥም፤
እንበል እህቴ ኦርፊሊያ
«ስንት ዓመት ልትሠሪበት ነው?» አላለችም፤
እንበል የሰው ሌሊት ጠዋት የለውም።

ተፈተንኩ። አራቱን ጥያቄ እንዳሉኝ አልኩ።
አምስተኛው ላይ እጄ እምቢ አለኝ፤
የገመዱን ክብደት ደመርኩበት፣
በሜትር ስንት ኪሎ እንደሆነ በቃሌ አውቀዋለሁና።
ውጤቱ መጣ፦ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ።
ማለፊያው አራት ነው።
አንድ አሥረኛ! ተሳፋሪ «መልሱን ተይው» ብሎኝ
መስኮቱ ላይ የሚጥላት ሳንቲም ታክል።
ከወረቀቱ ጥግ የአውራ ጣቴ አሻራ አለ፣
በግራሶ የታተመ፣ ያላሰብኩት ሥዕል፤
ከሥሩ በቀይ ቀለም፦
«ሐሳቡ ትክክል ነው። ጥያቄው ግን ይህ አልነበረም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣
ከፒንሳው ጎን፣ ዓይን ከሌለው ፊት ንድፍ ጋራ።
ድጋሚው ታኅሣሥ ነው። ላውታሮም ወድቋል፤
«አብረን እናጥና፣ እኔ ቀመሩን፣ አንቺ ገመዱን» ብሎኛል።
ኤሊሴዮ ከላይ ደወለ፤ ተሳፋሪ አለ፤
ውሻው ቀድሞ ገባ፣ ሽማግሌው ሳንቲሙን እየፈለገ።
ላኳቸው። ባዶው ሣጥን ወደኔ ወረደ።
ማክሰኞ ነው።
የግራሶውን ጣሳ ከፈትኩ፣
እጅጌዬን ጠቀለልኩ።